ስለ ቤታችን አሸንዳ ጽዳትና ጥገና ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ግንቦት ሲጋመስ ጀምሮ ዘመድም ጎረቤትም የስራ ባልደረባም እየደወለ የሚጠይቀኝ አንድ አይነት ነገር ስለሆነ በቃ አንዴ ልጻፈውና ለሁሉም ልላክ ብዬ ነው። እኔ የግንባታ ባለሙያ አይደለሁም፣ ግን ጉለሌ ያለው የእናቴ የጭቃ ቤት የጓሮ ግድግዳው አንድ ክረምት ላይ ከስር ምርጊቱ ተልጦ ወርዶ ማገሩ ሲታይ ደንግጬ መከታተል ጀመርኩ፣ ከዛ ወዲህ በየዓመቱ የእናቴንም የእህቴንም የራሴንም ቤት አሸንዳ የማጸዳው እኔ ነኝ። የዛን ጊዜ ጣሪያው ምንም አልሆነም ነበር፣ አንዲት ጠብታ ቤት ውስጥ አልገባችም፣ የባህር ዛፍ ቅጠል የመውረጃውን አፍ ደፍኖት ውሃው ሁለት ወር ሙሉ በአንድ ቦታ ሞልቶ እየፈሰሰ ግድግዳውን ከስር ሲበላው ነው የከረመው። ማንም አላየውም፣ ጓሮ ነዋ።

አሸንዳ ስትል የቱን ማለትህ ነው?

ኢንተርኔት ላይ አሸንዳ ብላችሁ ብትፈልጉ የሚመጣላችሁ የልጃገረዶቹ በዓል ነው፣ እኔ የማወራው በጣሪያው ጠርዝ ላይ ተጋድሞ ውሃ ስለሚቀበለው ቦይ ነው፣ አንዳንዱ ጋተር ይለዋል። ከሱ ወደ ታች የሚወርደውን ቱቦ ደግሞ ዳውን ፓይፕ ወይም መውረጃ እንለዋለን። ሁለቱ አንድ ላይ ናቸው የሚታዩት፣ አሸንዳውን አጽድቶ መውረጃውን መርሳት ምንም እንዳለመስራት ነው።

ጣሪያዬ አያፈስም፣ ታዲያ አሸንዳው ቢደፈን ምን ይጎዳኛል?

ሰው በብዛት የሚሳሳተው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ ላስረዝም። አንድ ሚሊሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ላይ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ነው። ጣሪያችሁ 100 ካሬ ከሆነ እና ከሰዓት በኋላ አንድ ደህና ዶፍ ወርዶ 30 ሚሊሜትር ቢሆን 3,000 ሊትር ማለት ነው፣ በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 150 ጀሪካን። ይሄ ሁሉ ውሃ በአንድ ሰዓት ውስጥ ከጣሪያ ይወርዳል፣ ወይ እናንተ ባላችሁት ቦታ ይወርዳል ወይ እሱ በመረጠው ቦታ ይወርዳል። አሸንዳው ከተደፈነ የሚመርጠው ዝቅ ያለውን ጠርዝ ነው፣ እዛች ቦታ ላይ ብቻ ይከመራል።

የጭቃ ቤት ከሆነ መሬት መትቶ የሚፈናጠረው ውሃ ከስር ግማሽ ሜትር ያህል ምርጊቱን ያረጥበዋል፣ እርጥብ ጭቃ ደግሞ ጭድ ቢኖረውም አይይዝም፣ ከዛ ውስጥ ያለው እንጨት ይበሰብሳል፣ ምስጥም ይከተላል። ብሎኬት ቤት ከሆነ ቀለሙ ይላጥና ልስኑ ጨው አውጥቶ ነጭ ዱቄት ይሆናል። ከሁሉ የከፋው ግን መሰረቱ ነው፣ በተለይ ወደ ቦሌ ወደ አቃቂ በኩል ያለው ጥቁር ዋልካ አፈር። ዋልካ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፣ በበጋ ሲደርቅ እጅ እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፣ ቤቱ አንድ ጥጉ ብቻ ሲረጥብ አንዱ ጥግ ከፍ ሌላው ዝቅ ይልና ከመስኮት ማዕዘን የሚነሳ ሰያፍ ስንጥቅ ታያላችሁ። ያንን ስንጥቅ ሰው በስቱኮ ሞልቶ ቀለም ይቀባዋል፣ በዓመቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ምክንያቱም ችግሩ ያለው ላይ አሸንዳው ጋ ነው።

ከዛ በተጨማሪ የፋሻው እንጨት (አሸንዳው የሚመታበት የጣሪያው ጠርዝ እንጨት) ይበሰብሳል፣ እንጨቱ ከበሰበሰ አሸንዳውን የያዘው ሚስማር ይለቃል፣ ውሃ የሞላ አሸንዳ ደግሞ ቀላል አይደለም ከነመያዣው ተገንጥሎ ይወድቃል። ውሃው ወደ ኋላ ከመለሰ ደግሞ በኮርኒሱ በኩል ይገባና ጥግ ጥጉ ላይ ቡና የተደፋበት የመሰለ ቢጫ እድፍ ይወጣል። ይሄን እድፍ ካያችሁ ቆርቆሮ ከማስቀየራችሁ በፊት በመጀመሪያ አሸንዳውን እዩት።

መቼ ነው የሚጸዳው? በዓመት ስንቴ?

አዲስ አበባና አካባቢዋ ከሆናችሁ ትንሹ ሁለቴ ነው። ዋናው ግንቦት መጨረሻ ሳምንት ላይ፣ ሰኔ ሳይገባ፣ በበጋው የረገፈው ቅጠልና አቧራ ደርቆ እያለ ይወጣል ቀላል ነው፣ አንዴ ከረጠበ ጭቃ ይሆንና ከባድ ነው። ሁለተኛው ክረምቱ መሃል ላይ፣ እኔ ሐምሌ መጨረሻ አካባቢ ፀሐይ የወጣችበት ቀን ጠብቄ መውረጃዎቹን ብቻ አያለሁ፣ ምክንያቱም የአዲስ አበባ የዓመቱ ዝናብ ግማሽ ገደማው የሚወርደው ሐምሌና ነሐሴ ላይ ነው፣ በዛ ሰዓት መደፈን ማለት ሁሉንም ማጣት ነው። የበልግ ዝናብ በደንብ የሚጥልበት አካባቢ ያላችሁ ደግሞ ጥር መጨረሻ ላይ አንዴ ጨምሩ።

ግቢያችሁ ውስጥ ወይ ጎረቤት ባህር ዛፍ፣ ጽድ ወይም ግራቪሊያ ካለ ሁለቴ አይበቃም። ግራቪሊያ በተለይ ቅጠሉ እንደ ፈርን የተበጣጠሰ ስለሆነ እርስ በርሱ ተያይዞ ልክ እንደ ምንጣፍ ይተኛል፣ የጽድ ደግሞ ደቃቅ ስለሆነ የትም ይገባል። አጠገባችሁ ህንፃ እየተሰራ ከሆነም በየወሩ እዩት፣ ከላይ የሚረግፈው አሸዋና ሲሚንቶ ውሃ ሲነካው አሸንዳችሁ ውስጥ ድንጋይ ይሆናል፣ ይሄ እህቴ ቤት ደርሷል በመሮ ነው የተፈለፈለው።

ራሴ ማጽዳት እችላለሁ? ምን ያስፈልገኛል?

ፎቅ ያልሆነ መደበኛ ቤት ከሆነ አዎ። ጠንካራ መሰላል፣ ወፍራም ጓንት፣ ባልዲ፣ ውሃ ማጠጫ ጎማ እና መዛቂያ። መዛቂያውን አትግዙ፣ የዘይት ቢጫ ጀሪካን ጎኑን እንደ አሸንዳው ቅርጽ ቆርጣችሁ እጀታውን ተዉት፣ ከዛ የተሻለ አላገኘሁም፣ ፕላስቲክ ስለሆነ ላሜራውን አይጭረውም። አካፋ ወይም ጭልፋ ብረት የተጠቀመ ሰው የላሜራውን የዚንክ ሽፋን ይፍቀዋል፣ ከዛ በኋላ ዝገቱ የሚጀምረው በጭረቱ ላይ ነው። ባልዲውን ከቀጭን ፌሮ መንጠቆ ሰርታችሁ መሰላሉ ላይ ስቀሉት፣ ሁለት እጃችሁ ነፃ ይሁን።

ጓንቱን በቁምነገር ያዙት። የተቆረጠ ላሜራ ጠርዝ እንደ ምላጭ ነው፣ ውስጡ ደግሞ የወፍ ኩስ፣ የበሰበሰ ነገር፣ አሞራ የጣለው አጥንት ሁሉ አለ። አፍና አፍንጫ በማስክ ሸፍኑ፣ ከተቆረጣችሁ ታጥባችሁ ጤና ጣቢያ ሄዳችሁ የቴታነስ ክትባት ጠይቁ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትለፉት።

መሰላል ላይ መውጣት እፈራለሁ

መፍራቱ ጥሩ ነው እውነቴን ነው። አሸንዳ ማጽዳት ቅጠል ማውጣት ነው፣ ሰው የሚጎዳው ግን በመውደቅ ነው። መሰላሉ ወደ ላይ በአራት ሜትር ከተደገፈ እግሩ ከግድግዳው አንድ ሜትር መራቅ አለበት፣ በጣም ከቀረበ ወደ ኋላ ይገለበጣል በጣም ከራቀ ይንሸራተታል። የባህር ዛፍ መሰላል ከሆነ መወጣጫዎቹን አንድ በአንድ እየረገጣችሁ ታች ሆናችሁ ፈትሹ፣ ሚስማሩ ከዓምና ጀምሮ ላልቶ ሊሆን ይችላል። አንድ ሰው ታች ይያዝ፣ ስልክ እየነካካ ያልሆነ። እጃችሁ አልደርስ ሲል አትንጠራሩ ውረዱና መሰላሉን አንቀሳቅሱት፣ አድካሚ ነው ግን አማራጭ የለውም። መሰላሉን አሸንዳው ራሱ ላይ አትደግፉት ይጣመማል፣ ግድግዳው ወይም ፋሻው ላይ ይሁን።

ከፖል ወደ ቤት የሚገባውን የመብራት ሽቦ በመጀመሪያ እዩት፣ ብዙ ቤት ላይ የሚገባው ልክ በአሸንዳው ጥግ ነው፣ የብረት መሰላል በፍጹም ወደዛ አታስጠጉ። እርጥብ ቆርቆሮ ላይ አትውጡ። ደረቅ ቆርቆሮ ላይም መውጣት ግድ ከሆነ የሚስማሩን መስመር ተከትላችሁ ርገጡ፣ ከስሩ ሞራሌው (ቆርቆሮው የተመታበት እንጨት) ያለው እዛ ነው፣ መሃሉን ከረገጣችሁ ይጎደጉዳል እና ውሃ መቋጠሪያ ይሆናል። ፎቅ ከሆነ፣ ዕድሜያችሁ ከገፋ፣ የሚያዞር በሽታ ካለባችሁ ሰው ቅጠሩ።

እሺ ወጣሁ፣ ከየት ልጀምር?

ከመውረጃው አፍ። መጀመሪያ አፉ ላይ ያለውን ቆሻሻ በእጅ አውጡና ጨርቅ ወትፉበት፣ ይሄ ትልቁ ነገር ነው፣ ያለበለዚያ እያጸዳችሁ ቆሻሻውን ራሳችሁ ወደ ቱቦው ትገፉታላችሁ። ከዛ ከመውረጃው እየራቃችሁ እየዛቃችሁ ወደ ባልዲ። ሲያልቅ ጨርቁን አውጡትና (እንዳትረሱት! እናቴ ቤት አንዴ ተረስቶ ነበር) ከሩቁ ጫፍ ውሃ ልቀቁ። ጎማ ካልደረሰ ወይ ውሃ በፈረቃ ከሆነ ሁለት ሶስት ባልዲ ከላይ ማፍሰስ ይበቃል። ውሃው ሲሄድ ዝም ብላችሁ እዩት፣ የት ይቆማል፣ በየት በኩል ይንጠባጠባል፣ መገጣጠሚያው ላይ በሲባጎ ወይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ ምክንያቱም ሲደርቅ ቀዳዳው የት እንደነበር አታገኙትም።

የወጣውን ቆሻሻ ግቢ ውጭ ቦይ ላይ አትድፉት። የመንገዱ ቦይ ሲደፈን ጎርፉ ተመልሶ የሚመጣው እናንተው በር ላይ ነው፣ በፌስታል አድርጋችሁ ለቆሻሻ ሰብሳቢዎቹ ስጡ።

አሸንዳው ንጹህ ነው ግን ውሃው በመውረጃው አይወርድም

ቱቦው ውስጥ ተደፍኗል ማለት ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ ደግሞ ላይ ያለው መታጠፊያ ጎሚቶው ላይ ነው። ቱቦውን በጣታችሁ ከታች ወደ ላይ እየቆረቆራችሁ አዳምጡ፣ ባዶው ይጮሃል የሞላው ድምፁ ይታፈናል። ከታች በኩል ጎማ አስገብታችሁ ውሃ ወደ ላይ ብትለቁ ከላይ ከመጎርጎር በጣም ይሻላል፣ ከላይ ስትጎረጉሩ እያጠበቃችሁት ነው። አልሆነም ካለ ጎሚቶውን ነቅሎ ማጽዳት ነው፣ ሚስማር ወይ ሪቬት ብቻ ነው የያዘው። ውስጡ ምን ምን እንደሚገኝ ብነግራችሁ፣ የወፍ ጎጆ፣ የልጆች ኳስ፣ የዲሽ ገመድ ሲተከል የቀረ ፕላስቲክ።

ካጸዳሁት በኋላም ውሃ ይቋጥራል

ተዳፋቱ ጠፍቷል። አሸንዳ ዓይን ሲያየው ቀጥ ያለ መስሎ ግን ወደ መውረጃው በአስር ሜትር ከሶስት እስከ አምስት ሳንቲም ዝቅ ማለት አለበት። ሲባጎ ከጫፍ ጫፍ ወጥራችሁ በውሃ ልክ ለኩት፣ የት ጋ እንደጎበጠ ወዲያው ይታያል። የሚጎብጠው መያዣ ብረቶቹ ተራርቀው ስለተተከሉ ነው፣ ከ60 እስከ 90 ሳንቲም ባለው ርቀት ነው መሆን ያለባቸው፣ እኔ ያየኋቸው ብዙ ቤቶች ላይ ግን ሁለት ሜትር እየተዘለለ ነው የተተከለው፣ እቃ ለመቆጠብ። መሃሉ ላይ አንድ መያዣ መጨመር ብቻ ብዙ ጊዜ ችግሩን ይፈታዋል ሙሉ መቀየር አያስፈልግም። የጎኑ ርዝመት ከ12 ሜትር በላይ ሆኖ አንድ መውረጃ ብቻ ካለው ደግሞ ሁለተኛ መውረጃ ይጨመርበት፣ አሸንዳው ንጹህም ሆኖ ዶፍ ሲመጣ ሞልቶ የሚፈሰው ለዛ ነው።

ዓምና በሲሊኮን ደፍኜው ነበር ዘንድሮም ያፈሳል፣ ለምን?

ወይ እርጥብ ላይ ነው የቀባችሁት፣ ወይ ዝገት ላይ፣ ወይ ደግሞ ሲሊኮኑ ራሱ የማይሆን ነው። ስትቀቡት ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው አይነት አሲድ አለው፣ የዚንክ ሽፋኑን ይበላዋል፣ ለላሜራ አሸንዳ ሽታ የሌለውን ኒውትራል የሚባለውን ጠይቁ። አሰራሩ በሽቦ ብሩሽ ዝገቱን እስከ ብረቱ አጽዱ፣ አድርቁ (አንድ ሙሉ ፀሐይ ቀን)፣ ከዛ ከውስጥ በኩል ቀቡ፣ ውሃው ያለው ውስጥ ስለሆነ ውጭውን መቀባት ዋጋ የለውም። ቀዳዳው ከጣት ጫፍ ከበለጠ ከዛው አይነት ላሜራ ቁራጭ በሪቬት ይመታበትና ዙሪያውን ሲሊኮን፣ ከላይ አንቲረስት (ዝገት መከላከያ ቀለም)። ሬንጅ የሚቀቡ አሉ፣ ለአንድ ክረምት ይይዛል ከዛ በፀሐይ ተሰነጣጥቆ ይነሳል፣ ደግሞ በኋላ በትክክል ለመጠገን ስትፈልጉ ሬንጁን ማስለቀቅ መከራ ነው። በዝገት እንደ ወንፊት ከሆነ ግን ጥገናው ይቅርባችሁ፣ ያንን ጎን ሙሉውን ቀይሩት።

ወንፊት ባደርግበት ማጽዳት ይቀርልኛል?

አይቀርም። ሙሉ አሸንዳውን በሽቦ ወንፊት የሸፈነ ሰው አውቃለሁ፣ የግራቪሊያ ቅጠሉ ወንፊቱ ላይ ተነጥፎ ውሃው በላዩ ዘሎ መሬት ይወርድ ነበር፣ የጽዱ ደቃቅ ደግሞ አልፎ ገብቶ ከስር ተጠራቅሞ ለማጽዳት ወንፊቱን ሁሉ መንቀል ሆነ። የኔ ምርጫ የመውረጃው አፍ ላይ ብቻ እንደ እንቁላል የጎበጠ የሽቦ ቆብ ማድረግ ነው፣ ጠፍጣፋ ከሆነ አንድ ቅጠል ይደፍነዋል ጎበጥ ካለ ግን ዙሪያውን ቅጠል ቢይዘውም ከላይ በኩል ውሃው ይገባል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ጣሪያው ላይ የዘመመውን ቅርንጫፍ መቁረጥ ነው፣ ዛፉ የጎረቤት ከሆነ ቡና ጠጥታችሁ ተነጋገሩ።

ቤቴ ሶሌታ (ጠፍጣፋ የኮንክሪት ጣሪያ) ነው / አሸንዳው ከውጭ አይታይም

አዲስ የሚሰሩት ቪላዎች ላይ ዙሪያውን ግንብ ከፍ ተደርጎ ቆርቆሮውና አሸንዳው ከኋላው ይደበቃል፣ ከመንገድ ሲታይ ያምራል እኔ ግን በጣም የምፈራው ይሄን አይነቱን ነው። የውጭው አሸንዳ ሲደፈን ውሃው ግቢ ነው የሚፈሰው፣ የተደበቀው ሲደፈን ግን እንደ ገንዳ ይሞላና መሄጃው ቤታችሁ ውስጥ ነው፣ በኮርኒስ፣ በመብራት ሳጥን በኩል። ስለዚህ የናንተ ሁለቴ ሳይሆን በክረምት በየሁለት ሳምንቱ ነው ማየት ያለባችሁ። አንድ ነገር ግን አድርጉ፣ ግንቡን ከአሸንዳው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ ብሎ አስበስታችሁ ወደ ውጭ የሚወጣ አጭር ቱቦ አስገቡበት፣ ማስተንፈሻ ነው። መውረጃው ሲደፈን ውሃው በዛ ይወጣል እናንተም ከግቢ ሆናችሁ ውሃ ሲተፋ ስታዩ ተደፍኗል ትላላችሁ። ሶሌታ ጣሪያ ላይም እንደዛው ነው፣ የውሃ መውጫዋ ቀዳዳ አንዲት ፌስታል ይበቃታል።

ኮንዶሚኒየም ነው የምኖረው፣ የማን ስራ ነው?

ጣሪያው የጋራ ነው ስለዚህ የማህበሩ ስራ ነው፣ ግን ባየሁት መጀመሪያ የሚጎዳው አራተኛ ፎቅ ያለው ስለሆነ ብቻውን ሲጮህ ይኖራል፣ ታች ያለው እኔን አይነካኝም ይላል። ይነካዋል እኮ፣ ህንፃው አጠገብ የሚከማቸው ውሃ መሰረቱ ጋ ነው የሚገባው። ሚያዝያ ስብሰባ ላይ አጀንዳ አስይዙት፣ ክረምት ከገባ በኋላ ሰው ማግኘትም ከባድ ነው። ከላይኛው ፎቅ ሆናችሁ ልጆች ወደ ጣሪያው እንዲወጡ ግን አታድርጉ፣ ለዛ ከፍታ ገመድና ልምድ ያለው ሰው ነው።

የሚወርደው ውሃ የት መሄድ አለበት?

ቢያንስ ከግድግዳው አንድ ሜተር ተኩል ርቆ፣ ወደ ቦይ ወይ ወደ አትክልት። መውረጃው ግድግዳው ስር ቆሞ የሚቀር ከሆነ እስካሁን ያልነው ሁሉ ዜሮ ነው፣ ውሃውን ሰብስቦ አንድ ቦታ ላይ መድፋት ሳይሰበሰብ ከመውረዱ ይብሳል። ከስር ጎሚቶና ቁራጭ ቱቦ ጨምሩ፣ ወይ ወደ ውጭ ያዘመመ የሲሚንቶ ቦይ። ከሽንት ቤት መስመር ወይም ከሴፕቲክ ታንክ ጋር በፍጹም አታገናኙት፣ ታንኩ በአንድ ዝናብ ይሞላና ግቢው ላይ ይገነፍላል፣ ከዛ መምጠጫ መኪና ፍለጋ ነው። ወደ ጎረቤት ግቢም አትልቀቁ። የስንት ዓመት ጉርብትና በአንድ መውረጃ ቱቦ ሲበላሽ አይቻለሁ፣ ሽማግሌ ተቀምጦ በመጨረሻ የተፈታው በሶስት ሜትር ፒቪሲ ነው።

ወደ ሮቶ አስገብቼ ልጠቀምበት እችላለሁ?

በጣም እንጂ፣ ውሃ በፈረቃ ለሚመጣልን ሰዎች ትልቅ ነገር ነው፣ ለልብስ፣ ለመጸዳጃ፣ ለአትክልት። ከበጋ በኋላ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሶስት ዝናቦች ግን አታስገቡ፣ ያ ውሃ የጣሪያችሁ እጣቢ ነው። ከዛ በኋላም በእያንዳንዱ ዝናብ መጀመሪያ ያለውን አስወግዱ፣ ቱቦውን በእጅ ማዞር ይበቃል። ሮቶው ክዳኑ የተዘጋ፣ መግቢያው ላይ ወንፊት ያለው ይሁን። ለመጠጥ ከሆነ አፍልታችሁ ወይም እንደ ውሃ አጋር አይነት ማከሚያ በመመሪያው መሰረት ጨምራችሁ ብቻ ነው፣ አሸንዳው በእርሳስ የተበየደ ወይ በሬንጅ የተቀባ ከሆነ ደግሞ ለመጠጥ ጭራሽ አታስቡት፣ ማፍላት እርሳስን አያወጣም።

የወባ ትንኝ አሸንዳ ውስጥ ይራባል የሚባለው እውነት ነው?

እውነት ነው፣ የቆመ ውሃ ካለ። ድሮ ወባ ስንል ረግረግና ኩሬ ነበር የምናስበው፣ አሁን ግን አኖፊለስ ስቴፈንሲ የምትባል ከተማ ለከተማ የምትኖር፣ ሰው በሰራው የውሃ መያዣ ውስጥ መራባት የምትወድ ትንኝ ገብታለች። ሀገራችን ውስጥ መጀመሪያ የተገኘችው በ2016 እ.ኤ.አ. ቀብሪ ደሃር ነው፣ በ2014 ዓ.ም. ድሬዳዋ ላይ በደረቁ ወቅት ለተነሳው የወባ ወረርሽኝ ተጠያቂ የሆነችውም እሷው ናት። ደንጊ የሚባለውን ትኩሳት የምታስተላልፈዋ ኤደስ የምትባል ትንኝም እንዲሁ በትንሽ የቆመ ውሃ ትራባለች። እንቁላሉ ትንኝ ለመሆን በሞቃት ቦታ ሳምንት ከግማሽ ገደማ ይበቃዋል። ስለዚህ ድሬዳዋ፣ አዋሽ፣ ሐዋሳ፣ ቆላ አካባቢ ያላችሁ ዝናብ ካቆመ ከሁለት ቀን በኋላም አሸንዳው ውሃ ከያዘ ተዳፋቱን አስተካክሉ፣ ይሄ የቤት ጉዳይ ብቻ አይደለም የልጆቻችሁ ጤና ነው።

ላሜራ ይሻላል ፒቪሲ?

ላሜራ በፈለጋችሁት ልክ ይታጠፍላችኋል፣ ይጠገናል፣ በረዶ ቢመታው ይጎደጉዳል እንጂ አይሰበርም። ፒቪሲ አይዝግም ግን ተራው አይነት በፀሐይ ዓመታት ውስጥ ይደርቅና ይሰነጠቃል። እኔ አሸንዳውን ላሜራ መውረጃውን ፒቪሲ አድርጌያለሁ፣ እስካሁን ደስ ብሎኛል። ላሜራ ስታሳጥፉ ውፍረቱን ጠይቁ፣ ጌጅ 28 ከጌጅ 32 ይወፍራል፣ ቁጥሩ ሲጨምር ነው የሚሳሳው፣ ብዙ ሰው በተቃራኒው ይመስለዋል በዛም ይሸወዳል።

ሰው ስቀጥር ምን ልጠንቀቅ?

ዋጋውን ስትነጋገሩ መውረጃውም እንደሚጨምር በግልጽ አውሩ። ጨርቅ ወትፎ መጀመሩን እዩ። ሲጨርስ እናንተ ባላችሁበት ውሃ ይልቀቅ፣ ሂሳብ ከዛ በኋላ። እኔን አንዴ አንድ ሰራተኛ ቆሻሻውን በሙሉ ወደ ቱቦው ጠርጎ አሸንዳው እንደ መስታወት ንጹህ ሆኖ አሳይቶኝ ሄደ፣ ችግሩ የታወቀኝ ሐምሌ ላይ ነው። ደግሞ ለሰውየው ጠንካራ መሰላል እናንተ አቅርቡ፣ ቢወድቅ የሰው ልጅ ነው።

እኔ ውጭ ሀገር ነኝ፣ ቤቱን ቤተሰብ ነው የሚጠብቀው

ከሜሪላንድም ከዱባይም ይሄን የሚጠይቁኝ አሉ፣ ቤቱን በስንት ዓመት ድካም ሰርተው ክረምት ሲመጣ እንቅልፍ ያጣሉ። አሮጊት እናታችሁን አሸንዳ ታየዋ ወይ ብላችሁ አትጠይቁ፣ አየሁት ትላለች እንዳትጨነቁ ብላ። ግንቦት መጨረሻ ላይ ለሚሰራ ሰው ብር ላኩና በቴሌግራም ሁለት ቪዲዮ ጠይቁ፣ አንዱ ከላይ የጸዳው አሸንዳ፣ ሁለተኛው ከታች ውሃው በመውረጃው አፍ ሲወጣ። ሁለተኛው ካልተላከ አልተሰራም ማለት ነው። ከዛ ሐምሌ ላይ ዝናብ እየጣለ እያለ አንድ ሰው በጃንጥላ ቤቱን ዙሪያውን ዞሮ ይቅረጽላችሁ፣ ደረቅ ቀን የማይታየው ሁሉ በዛ ሰዓት ይታያል፣ በተለይ ጓሮውን እንዳይረሳ ንገሩት።